አባባ ተስፋዬ ከከሚሴ ሲታዩ

በኢትዮጵያ የልጆች ቴሌቪዥን ታሪክ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የተስፋዬ ሳህሉ፣ በሕዝብ አጠራር የአባባ ተስፋዬ፣ ስም ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራቸው የሚወሳው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ሳሎን ተቀምጦ ባያቸው ትውልድ ናፍቆት በኩል በመሆኑ፣ ከዋና ከተማዋ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሚሴ ሆኖ ለሚመለከተው ምን ይመስል እንደነበር እምብዛም አይጠየቅም።

በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ ወደ ልጆች የመጡት ከአዋቂዎች መድረክ ነው። ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ቀሚስ ለብሰው ከተጫወቱት ወንዶች አንዱ ነበሩ፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮርያ ተጉዘው ዘማቾችን አዝናንተዋል፤ ከዚያም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ለረጅም ዓመታት ተውነዋል። እዚህ ላይ አንድ የሩቅ ዘመድ ማስታወስ ያስደስታል። በእንግሊዝ በገና ሰሞን የሚታየው ፓንቶማይም፣ ማለትም ተረትን በቀልድ፣ በዘፈንና በተጋነነ የአካል እንቅስቃሴ የሚያቀርበው ተውኔት፣ አሮጊቷን አብዛኛውን ጊዜ ለወንድ ተዋናይ ይሰጣል፣ ተመልካች ልጆችም ከወንበራቸው ሆነው እየጮኹ ይመልሱለታል፤ የልጆች ቴሌቪዥን አቅራቢዎችም በየዓመቱ ወደዚህ መድረክ መውጣታቸው የተለመደ ነው። አባባ ተስፋዬ የሄዱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር፤ ቀሚሱና ቀልዱ ቀደመ፣ ካሜራው ተከተለ። በኋላ በተረቶቻቸው እንስሳትን ማናገራቸውም ቢሆን ለአገሩ መድረክ እንግዳ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ራሱ የአውሬዎች ኮሜዲያ ነውና።

ቴሌቪዥን በአገሪቱ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት ሲሆን፣ የልጆች ጊዜ የተሰኘው ፕሮግራምም በዚያው ዘመን ተጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በአባባ ተስፋዬ እጅ ቆየ። ልጆችን የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች ብለው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ተረቱን በፊታቸው፣ በእጃቸውና በድምፃቸው ይተውኑት ነበር፤ ሥርዓቱን ሁሉ ያቆመው ዕቃ ሳይሆን የአንድ ሰው አካል መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሚሴ ዋና ከተማው የሆነችለት የኦሮሞ ዞን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ457 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው፣ አብዛኛው ነዋሪም ኦሮምኛ የሚናገር ነው። በዚያ ያደጉ አንዲት መምህርት እንደሚተርኩት፣ በልጅነታቸው ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ደጃፍ ተሰብስበው ሲያዩ አማርኛው ግማሹ ያመልጣቸው ነበር፣ ጅቡ ሲያነክስና ጦጣዋ ስታሾፍ ግን ማንም አስተርጓሚ አልፈለገም፤ ወደ ቤት ሲመለሱም ያንኑ ጅብ ለታናናሾቻቸው በኦሮምኛ፣ ከአያታቸው በሰሙት በኦዱ ዱሪ፣ ማለትም በጥንቱ ተረት ወግ፣ አስተካክለው ያወጉላቸው ነበር። መምህርቷ ሲያክሉ፣ አባባ ተስፋዬ የባሌ ልጅ መሆናቸውን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜም ከመደሰት ይልቅ ተናደዱ፤ አንድም ቀን በኦሮምኛ አላናገሩንም ብለው። ቁጣው አቅራቢውን ሳይሆን ጣቢያውን የሚመለከት ነው፤ አንድ ሰው በፊቱ የተሻገረውን የቋንቋ ድንበር መሥሪያ ቤት በዕቅድ ሊሻገረው ይችል ነበርና።

በ1998 ዓ.ም. አንድ የቀረበ ተረት ቅሬታ አስነሥቶ ፕሮግራሙ ከእጃቸው ወጣ፤ አባባ ተስፋዬም ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። በ1999 ዓ.ም. ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው፣ ፀሐይ በተባለች ቀጭኔ ዙሪያ የሚያጠነጥነው የአሻንጉሊት ፕሮግራም ብቅ ብሎ፣ የቀጭኔዋ ታሪክ ኋላ ላይ ኦሮምኛን ጨምሮ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎችም ተዘጋጀ፤ አሻንጉሊት ድምፅ ሊለወጥለት ይችላልና። የሰው ፊት ግን ድምፁን ብቻ በመለወጥ አይተካም፤ ለከሚሴ ልጆች በአካባቢያቸው አነጋገር የሚያወጋ ሰው ለማሠልጠን የተያዘ ዕቅድ እንዳለ የተጠየቁት አንድ የብዙኀን መገናኛ ኃላፊም ጉዳዩ ሌላ ክፍል እንደሚመለከት ተናግረው፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ ሳይገልጹ ቀርተዋል።