ገዢ የተገኘለት፣ አበዳሪው ያልለቀቀው ቤት

አሜሪካ ውስጥ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በተሽከርካሪ ተጎትተው በመጡ ቤቶች ይኖራሉ። እነዚህ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ የሚሠሩት የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ባወጣው የደህንነት ደንብ መሠረት ቢሆንም፣ ብዙ ሰው ዛሬም ሞባይል ሆም ይላቸዋል። ቦታው ላይ ከሚገነባ ቤት በዋጋ ስለሚቀንሱ መጠነኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የቤት ባለቤትነት በር ሆነዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሲሸጡ ነው። ገዢ ተገኝቶ፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ ቀብድ ከተያዘ በኋላ አበዳሪው ኩባንያ ቀሪው ዕዳ ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ ወይም ዛሬ አንድ ቁጥር ነገ ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ ወይም ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የባለቤትነት ወረቀቱን ሳይለቅ ወራት ያስቆጥራል። ሻጩ ጥፋቱን ስልክ በሚያነሳው ሠራተኛ ላይ ያደርገውና ደጋግሞ በመደወል ጊዜውን ይፈጃል። እኔ ግን የችግሩ ሥር ያለው ቤቱ በሕግ ፊት በተመዘገበበት ወረቀት ላይ ነው እላለሁ። መድኃኒቱም በስልክ ክርክር አይገኝም፤ ቀን ተጽፎበት፣ በትክክለኛው አድራሻ በደረሰ ደብዳቤ ነው የሚገኘው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የመኪና ሊብሬና የቤት ካርታ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። የፋብሪካ ቤት ደግሞ እንደ አያያዙ ሊብሬ የሚመስል ታይትል ሊኖረው ይችላል፤ ካርታ እንዳለው ቤት ከመሬቱ ጋር አንድ ሆኖ ሊመዘገብም ይችላል። ታይትሉን በብዙ ክፍለ ግዛቶች የሚሰጠው የመኪና ታርጋ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ግን ሥራውን ለቤቶች መሥሪያ ቤቶቻቸው ሰጥተዋል። ቤቱ በሚንቀሳቀስ ንብረትነት ሲያዝ ብድሩ ቻተል ይባላል፤ ወለዱም ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው ሞርጌጅ ይከብዳል። የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2001 እስከ 2010 ድረስ ቤቱን በብድር ከገዙትና መሬቱም የራሳቸው ከሆኑት ሰዎች መካከል 65 በመቶ የሚሆኑት የተበደሩት በቻተል ነበር። መሬት እያላቸው ቤታቸውን እንደ መኪና አስይዘዋል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ልዩነቱን ፈርመው የተቀበሉት እንጂ አውቀው የመረጡት ብዙ ናቸው ብዬ አላምንም።

ልዩነቱ በወለድ ብቻ አያበቃም፤ አበዳሪው ሲያስቸግር የትኛው ሕግ እንደሚደርስልዎት የሚወስነውም እሱ ነው። የብድር እውነተኛነት ሕግ የሚባለው የፌዴራል ሕግ መኖሪያ ቤት የተያዘበትን የሸማች ብድር ሁሉ ስለሚነካ የቻተል ተበዳሪንም ይጠብቃል። በዚህ ሕግ መሠረት ተበዳሪው ወይም እሱ የወከለው ሰው በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ኩባንያው ዕዳው በተባለው ቀን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበትን ትክክለኛ መጠን ከ7 የሥራ ቀናት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መስጠት አለበት። ተበዳሪው ኪሳራ ውስጥ ሲሆን ወይም ቤቱ ለሐራጅ ሲቀርብ ያሉ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ናቸው ጊዜውን የሚያራዝሙት። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የቤት ግዢ አፈጻጸም ሕግ፣ ከዚህ የሰፋ መብት ይሰጣል። ስህተት ተፈጽሟል ብሎ በጽሑፍ ለሚያመለክት ተበዳሪ ኩባንያው ደብዳቤው መድረሱን በ5 የሥራ ቀናት ማሳወቅ፣ በአብዛኛው ጉዳይም በ30 የሥራ ቀናት ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል። አቤቱታው ስለ መዝጊያ ሒሳቡ ከሆነ ጊዜው ወደ 7 የሥራ ቀናት ያጥራል። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ለግብርና ለኢንሹራንስ ተቀምጦ የቆየው ገንዘብ በ20 የሥራ ቀናት መመለስ አለበት። ይህ ሁለተኛው ሕግ ግን ብድሩ መሬትንም ካልያዘ አይሠራም። ስለዚህ የተከራየ ቦታ ላይ ያለ ቤቱን ብቻ አስይዞ የተበደረ ሰው፣ ኩባንያው ሲያንገላታው ጥበቃው መሬቱንም ያስያዘ ጎረቤቱን ያህል አይደለም።

ደብዳቤ ሥራ ያዘገያል፣ ስልክ ይፈጥናል የሚሉ አሉ። ፍጥነቱ እውነት ነው፤ ሰዓቱን የሚያስጀምረው ግን ጽሑፉ ነው። በስልክ የተነገረ ቁጥር ብዙ ጊዜ ቀሪው ዋና ብድር ብቻ ነው። መዝጊያው መጠን በዚያ ላይ እስከ ክፍያው ቀን የሚቆጠረውን የየዕለቱን ወለድና ያልተከፈሉ ክፍያዎችን ይጨምራል። ሻጭ በዋናው ብድር ተማምኖ ዋጋ ቆርጦ ከሆነ ልዩነቱ ከኪሱ ይወጣል። ደብዳቤው የብድሩን ቁጥር፣ የባለቤቱን ስም፣ ዕዳው የሚዘጋበትን ቀንና የየዕለቱን ወለድ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር ከያዘ ይበቃዋል። አድራሻውን ግን ልብ ይበሉ። ብዙ ኩባንያዎች ለጥያቄና ለአቤቱታ የተለየ አድራሻ ይመድባሉ። አቤቱታው ወርሃዊ ክፍያ ወደሚላክበት ሣጥን ከሄደ በሁለተኛው ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ ሊቀር ይችላል።

አበዳሪዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያም ክብደት አለው። በተጭበረበረ ደብዳቤ የሰው ብድር ሊዘጋ፣ ገንዘብም ወደ ሌባ ሒሳብ ሊሄድ ስለሚችል ማንነትን ሳያጣሩ መልስ አንሰጥም ይላሉ። ይገባል። ማጣራት ግን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ሕግ አውጪው ጊዜውን የሰጠውም ለዚህ ነው። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ገቢ ከሆነ በኋላ ታይትሉን ለማቆየት ደግሞ ጥንቃቄ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ዕዳ ተከፍሎ ሲያልቅ አበዳሪው በታይትሉ ላይ ያስመዘገበው እገዳ የሚነሳበትን ጊዜ የሚወስኑት የየክፍለ ግዛቱ ሕጎች ናቸውና ሻጩ የራሱን ቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። አንዳንዴ በታይትሉ ላይ ያለው አበዳሪ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት ባንክ ሆኖ ይገኛል። ያኔ ለወደቁ ባንኮች የእገዳ ማንሻ ወረቀት በመስጠት የሚያግዘው የፌዴራሉ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ድርጅት ነው።

ይህን ሁሉ የሽያጩ አስፈጻሚ ድርጅት ይጨርሰዋል የሚል ሰውም አይጠፋም። መሬት ባለበት ሽያጭ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። በሚንቀሳቀስ ንብረትነት በተያዘ ቤት ሽያጭ ግን ብዙዎች ያለ አስፈጻሚ፣ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ነው የሚጨርሱት። ገዢው ከፍሎ ስም ሳይዛወርለት፣ ሻጩም ሸጦ የዕዳው ተጠያቂ ሆኖ የሚቀርበት አደጋ የሚከፋው እዚያ ነው። ስለዚህ የገዢው ገንዘብ በቀጥታ ለአበዳሪው እንዲገባ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ የሆነው ወረቀት ሳይገኝም የመጨረሻው ክፍያ እንዳይለቀቅ በውሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ኩባንያው በሕግ የተሰጠውን ጊዜ ካሳለፈ ለሸማቾች ጥበቃው ቢሮና ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ አቤቱታ ማቅረብ ዋጋ አይጠይቅም፤ የደብዳቤዎቹ ቅጂዎች ከነቀናቸው ከተያዙ አቤቱታው ክብደት ይኖረዋል።

ቻተል ተበዳሪዎችን ከሁለተኛው ሕግ ውጭ የተወው ክፍተት ግን በደብዳቤ አይሞላም። ቤት መኖሪያ መሆኑ የሚለካው ከሥሩ ባለው መሬት ባለቤትነት መሆን የለበትምና ኮንግረሱ ክፍተቱን ሊዘጋው ይገባል። እስከዚያው፣ ለመሸጥ ያሰባችሁ ሁሉ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ታይትላችሁን አውጥታችሁ የአበዳሪውን ስም አንብቡ፤ የመዝጊያውን መጠን የሚጠይቀውን ደብዳቤም ገዢ ሳይመጣ ላኩ።