የቤት ማጠቢያ ከጓሮና ከምድጃ፦ እንዶድ፥ ዐመድና ሎሚ ስለሚሠሩበት ምክንያት

የቤት ወጪ የሚቆጣጠር ሰው ሁሉ ሳሙና፥ የዱቄት ሳሙናና በረኪና በየወሩ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚወስዱ ያውቃል። በኮተቤ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪም ሆነ ብዙ ልጆች ለሚያሳድግ ቤተ ሰብ ይህ ወጪ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከጓሮና ከምድጃ በሚገኝ ነገር ቤትንና ልብስን ማጽዳት ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ይቻላል የሚል ነው። ነገር ግን ማጠቢያው የሚያጸዳበት ምክንያትና የሚጎዳበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ስለ ሆነ፥ ምክንያቱን ሳያውቅ የሚጠቀም ሰው ገንዘቡን ሲያድን ጤናውን ሊያጣ ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ እንዶድ እንናገራለን። እንዶድ በአጥርና በጫካ ዳር በሌሎች ዛፎች ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። የደጋና የወይና ደጋ ተክል በመሆኑ የኮተቤና የእንጦጦ ግርጌ አየር ይስማማዋል። ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ተክሎች ስለ ሆኑ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀምና በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት ይህንኑ ነው።

አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። የሳፖኒን ቅንጣት አንደኛው ወገኗ ከስኳር የተሠራ ስለ ሆነ ከውኃ ጋር ይስማማል፤ ሁለተኛው ወገኗ ግን ቅባትን ይይዛል። በዚህም ምክንያት እድፉን ከልብሱ አላቅቃ ለውኃው ታስረክበዋለች።

ይህ የልብስ ማጠቢያ በዓለም ሳይንስ ዘንድ የታወቀው አንድ ወጣት ተመራማሪ በጠየቀው ጥያቄ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመራመሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። በሕይወት ያሉትን ወስደው በእንዶድ አረፋ ቢሞክሩ እነርሱም ሞቱ። ከዚህ በኋላ በዓድዋ ለ5 ዓመት በተደረገው ሙከራ፥ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው በሽታ ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ዝቅ አለ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ልብስ የሚያጸዳው እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ስለ ምንድር ነው? የሕዋስ ሽፋን ራሱ በአብዛኛው ከቅባት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሳፖኒኑ እድፉን እንደሚያላቅቅ ሽፋኑንም ያፈርሰዋል። ዓሣም በዚሁ ይሞታል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ ወደ አቃቂ በሚወርዱት የኮተቤ ጅረቶች ውስጥ አይደፋ፤ ከወንዝና ከምንጭ ርቆ በመሬት ላይ ይፍሰስ። ዓይን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያሻል፤ መጠጣቱ ደግሞ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ሁለተኛው ዐመድ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት አንድደው እንጀራ በሚጋግሩ ቤቶች ዐመድ ያለ ዋጋ ይገኛል። ቀለም ወይም ፕላስቲክ ያልተቃጠለበት ንጹሕ ዐመድ ተነፍቶ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ አድሮ ሲጠል ከላይ ያለው ጥሩ ውኃ ይቀዳል። በዐመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት በውኃው ስለሚሟሟ፥ ይህ ውኃ ቅባት ያለበትን ሳሕን በሚገባ ያጸዳል፤ ከቅባቱም ከፊሉን ራሱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ነገር ግን የእጃችንን ቅባት ከሳሕኑ ቅባት ለይቶ ስለማያውቅ ቆዳን ያደርቃል፥ ያቆስላልም። የአሉሚኒየም ድስትንም ስለሚበላ በውስጡ አይዘፈዘፍበት።

ሦስተኛው ሎሚና አቸቶ ነው። ውኃ ደጋግሞ በፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቅባት ሳይሆን የካልሲየም ድንጋይ ስለ ሆነ፥ እንዶድም ሳሙናም አያነሣውም። ይህን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ጥቂት ሎሚ በውኃ አፍልቶ ማሳደር ይበቃል። ነገር ግን እብነ በረድም የዚሁ ድንጋይ ወገን ነውና በሎሚ ሊታጠብ አይገባውም። ብዙ ሰው አቸቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ ስለሚፈላ ኃይላቸው የጨመረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል፤ ከፍላቱ በኋላ የሚቀረው ከጨው ውኃ ብዙ የማይሻል ነው። ሎሚና የዐመድ ውኃም እንዲሁ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነገር የበረኪና ጉዳይ ነው። በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቸቶ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብና በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ ምንጊዜም አይቀላቀሉ። ማንኛውም ማጠቢያ በለስላሳ መጠጥ ወይም በውኃ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለምና። ይህን ስንል ግን በረኪና ይቅር ማለታችን አይደለም። እድፍን ማስለቀቅና ተሕዋስያንን መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በቤት ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ያለበት በሽተኛ ሲኖር እንዶድና ዐመድ የበረኪናን ቦታ አይተኩም።

በመጨረሻም ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አንድን ነጭ ጨርቅ በእኩል ቆርጦ፥ በአንድ ዓይነት ዘይት አቆሽሾ፥ አንዱን በእንዶድ፥ ሁለተኛውን በዐመድ ውኃ፥ ሦስተኛውን በሳሙና፥ አራተኛውን በውኃ ብቻ አጥቦ ውጤቱን መመዝገብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ምርምር ነው። የእንዶዱን አለቃቀምና አወቃቀጥ የሚያውቁት ግን በየሰፈሩ ያሉ አረጋውያን እናቶች ናቸው። አጥሩ በግንብ እየተተካ ሲሄድ እንዶዱ ይነቀላል፤ የሚያውቁትም ያልፋሉ። ስለዚህ መዝገባችንን ይዘን አስቀድመን ወደ እነርሱ እንሂድ።