ሐኪሙ ለብቻው ከመቆሙ በፊት

እናትየው ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሏቸው ነው የመጡት። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከሁለት ዓመት በፊት ተነግሯቸው መድኃኒት ጀምረዋል። ተፈታኙ ተማሪ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ሲላቸው «አዎን፣ ልጄ» አሉት። ጻፈና ሁለተኛ መድኃኒት ጨመረላቸው። ከእሱ ቀጥላ የገባችው ተማሪ ግን «እማማ፣ በጾሙ ወቅት አወሳሰዱን እንዴት አደረጉት?» ብላ ጠየቀች። እናትየው አንገታቸውን ደፋ አድርገው ጸበል ከገቡ ወዲህ እንዳቋረጡት ነገሯት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ማለት ይኼ ነው።

ሴትየዋ ሕመምተኛ አይደሉም። ለፈተናው ታሪኩን አጥንተው የተቀመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። እኔ ጥግ ላይ ምልክት ማድረጊያ ወረቀቴን ይዤ የተቀመጥኩት ፈታኝ ነኝ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) ማስተማርና መፈተን ጥቁር ጠጉሬን ጨርሶታል። ሁለቱም ተማሪዎች የግፊት መድኃኒቶችን ከነመጠናቸው ያውቃሉ። ወረቀት ላይ ብንፈትናቸው እኩል ያመጡ ነበር።

እኔ ስማር ሁላችንንም እንቅልፍ የሚነሳን «ሎንግ ኬዝ» ነበር። ተማሪው አንድ ታካሚ ይመደብለትና አንድ ሰዓት ያህል ከታካሚው ጋር ብቻውን ይቆያል። ታሪክ ይቀበላል፣ ይመረምራል። ከዚያ ፈታኞች መጥተው የሚያቀርበውን ይሰማሉ፣ ያፋጥጡታል። ሲመረምር ግን ያየው የለም። ደግሞም ዕጣ ነበር፤ አንዱ ከሩቅ የሚታወቅ የልብ ሕመም ይደርሰዋል፣ ሌላው ፕሮፌሰሮቹ ራሳቸው የሚከራከሩበት። ለፈተና በየጊዜው የሚጠሩ የልብ ቫልቭ ሕመምተኞችም የተማሪው ጭንቀት ሲያሳዝናቸው «ልጄ፣ ማይትራል ነው ይሉኛል» ብለው ያንሾካሹኩለታል። በዚህ መንገድ ያለፉ ጎበዞች ብዙ ናቸው፤ ማን በችሎታው፣ ማን በዕጣው እንዳለፈ መለየት ግን አይቻልም ነበር።

በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ሮናልድ ሃርደን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጡት መፍትሔ ዛሬ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ «ኦስኪ» ይባላል። ተማሪው በአንድ ታካሚ ፋንታ በብዙ ክፍሎች ወይም «ስቴሽኖች» ይዞራል። አንዱ ጋ የሚያስል ሕፃን ይዛ ከመጣች እናት ታሪክ ይቀበላል፣ ሌላው ጋ በአሻንጉሊት ላይ እስትንፋስ ያስጀምራል፣ ሌላው ጋ ለቤተሰብ መርዶ ያረዳል። ደወል ሲደወል ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጉዳይ፣ አንድ ዓይነት ደቂቃ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ይገጥማቸዋል። አንዱ ፈታኝ ጨካኝ፣ ሌላው ሩኅሩኅ ቢሆን እንኳ ተማሪው በሁሉም እጅ ስለሚያልፍ ይካካሳል።

ማለፊያ ነጥቡም በዘፈቀደ ሃምሳ ከመቶ አይባልም። አንዱ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1971 ዊልያም አንጎፍ ባቀረቡት ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። መምህራን ተሰብስበው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ «ለጥቂት የሚያልፉ መቶ ተማሪዎች ቢኖሩ ይህን ስንቱ ይመልሱታል?» ብለው ይገምታሉ። የግምቶቹ አማካይ ድምር ማለፊያ ይሆናል። ስብሰባው ረጅም ነው፣ ክርክሩም አያልቅም። ነገር ግን ፈተናው ከባድ ሲሆን ማለፊያው ዝቅ፣ ቀላል ሲሆን ከፍ ይላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አንድ ጉድለት ይቀራል። አሜሪካዊው የሕክምና መምህር ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ብቃትን በአራት ደረጃ ከፈሉት፦ ማወቅ፣ አሠራሩን ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በዕለት ሥራ ላይ ማድረግ። የጽሑፍ ፈተና የታችኞቹን ሁለቱን ይለካል፤ በአገራችን የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚወሰደው አገር አቀፍ የብቃት ምዘናም ምርጫ ጥያቄ እንደመሆኑ ከዚያ አያልፍም። ኦስኪ ሦስተኛውን ይነካል። አራተኛው ግን ያለው ሌሊት ዱቲ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ፈታኝ እንደሌለ በሚያውቅበት፣ ሰባተኛው ታካሚ ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት። እሱን ለማየት ሲኒየሩ (የበላይ ሐኪሙ) ዋርድ ገብቶ ኢንተርኑ አንድ ታካሚ ሲያይ አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መመልከት፣ ከዚያ ያየውን ፊት ለፊት መንገር አለበት። ይህንንም በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሲኒየር መደጋገም ያስፈልጋል።

ለምሳሌ በእንግሊዝ ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን ተመርቀው ለሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ ሌላ የሦስት ዓመት ሥልጠና አለ። ከፈተናዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቪዲዮ የሚሰጥ ሲሆን፣ 12 ታካሚዎችን ለእያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ ሰጥቶ ማስተናገድ ነው። ከዚያ በተጨማሪ በሥራ ቦታ የሚደረጉ ምልከታዎችና የታካሚዎች አስተያየት በመዝገብ ይጠራቀማሉ። እኛም ጋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤተሰብ ሕክምናን የሦስት ዓመት ስፔሻሊቲ አድርጎ ጀምሯል። ጠቅላላ ሐኪማችን ግን ብዙ ጊዜ ኢንተርንሺፑን እንደጨረሰ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ወደታቀደ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይሄዳል። እዚያ የሚያማክረው ሲኒየር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ምልከታ መደረግ ያለበት ከመሄዱ በፊት ነው።

የእኛ ትልቁ ድክመት ሎግ ቡክ ላይ ይታያል። ኢንተርኑ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማኅፀንና ጽንስ ክፍሎች ሲዞር የሠራውን እየጻፈ ያስፈርማል። የመዞሪያው ማብቂያ ሲደርስ ደብተሩን ይዞ በየኮሪደሩ ፊርማ ያድናል። ራውንዱ ረዝሞብን፣ ታካሚው በዝቶብን እንፈርማለን፤ እንደዚያ ሲፈረም በዓይኔ ያየሁት ብዙ ነው። ሳናየው የፈረምንበት አሠራር ከሕመምተኛ የምንበደረው ዕዳ ነው።

ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ኢንተርንን መመልከት የሲኒየሩ የሥራ ሰዓት አካል ሆኖ በፕሮግራም ይያዝ፤ ያላየም አይፈርም። ለእናንተም፣ አንባቢዎች፦ በማስተማሪያ ሆስፒታል ስትታከሙ ወጣት ሐኪም ሲመረምራችሁ ሌላ ሐኪም ቆሞ የሚመለከት ከሆነ አትሳቀቁ፣ መማሪያ ተደረግን ብላችሁም አትከፉ። የሚያየው በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው ጥያቄ ማንሳት ያለባችሁ።