ደብረ ታቦርን በመስኮት አትለፏት

መስከረም በጠባ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ከባህር ዳር ተነስተን በጋሸና በኩል ላሊበላ ልንሄድ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ፣ ተወልጄ ያደግሁባትን፣ ዛሬም የምኖርባትን ከተማና ዙሪያዋን እንዴት ብታዩልኝ ደስ እንደሚለኝ አንድ ላይ ልጻፍላችሁ።

እውነቱን አስቀድሜ ልናገር። ጎንደር ግንብ አላት፤ ላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አሉት። እኛ ዘንድ ግን ቆሞ የሚጠብቃችሁ ቤተ መንግሥት የለም። ደብረ ታቦር በየጁ መሳፍንት፣ በአፄ ቴዎድሮስና በአፄ ዮሐንስ ዘመን የአገር መዲና ሆና ያገለገለች ከተማ ናት። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሱ ራሳቸው አቃጥለዋት ሄዱ። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ ብትዞሩ ኮረብታና ባሕር ዛፍ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። የሚያውቅ ሰው ከያዛችሁ ደግሞ የትኛው ኮረብታ ላይ ማን እንደሰፈረ፣ የትኛው ሜዳ ላይ ማን እንደተማረከ እየሰማችሁ ትውላላችሁ። ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይነሳል፦ ጊዜ ይዛችሁ ኑ፣ ሰው ይዛችሁ ዙሩ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ።

🔹 ከሐይቁ ዳር ጀምሩ

ደብረ ታቦር ያለችበት ደቡብ ጎንደር ሐይቅም ተራራም ነው። በምዕራብ በኩል ጣናን ይነካል፤ በምሥራቅ ጉና ላይ ይወጣል። ጉና ላይ የዘነበው በጉማራና በርብ ወርዶ፣ የፎገራን ሜዳ አጥግቦ ጣና ይገባል። ከጣና ዋና ዋና አራት ገባሮች ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ግልገል ዓባይና መገጭ። አገሩን ለመረዳት ከታች ወደ ላይ፣ የውኃውን መንገድ ተከትላችሁ ውጡ።

ከባህር ዳር ስትነሱ ደራን ታቋርጣላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ቆራጣን እዩ። ዛሬ ጭር ያለች የሐይቅ ዳር መንደር ብትሆንም በድሮ ዘመን የጣና ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች። የእንግሊዝ መንግሥት አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን እንዲያስፈታ የላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ሰፍሮ የነበረው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ፎገራ ነው። ወረታ ዙሪያ ሩዝ ያልተዘራበት ማሳ ማግኘት ይቸግራችኋል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ ከገባ ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት ቢሆነውም የገበሬውን ጓዳም ገበያውንም ቀይሯል። የፎገራ ላሞችን እግረ መንገዳችሁን ታያላችሁ። በበጋ የምትመጡ ከሆነ የሸሸርና የወላላን ረግረግ ጠይቃችሁ ጎራ በሉ፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚከርሙት እዚያ ነው።

🔹 አውራምባ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ፣ ዓለም በር አካባቢ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ አለ። ክቡር ዶክተር ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ የሚኖረው እዚያ ነው። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ ይፈትላል፤ ሥራ በፆታ አይከፈልም። ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ለሕፃናት መዋያ አላቸው። እንግዳ ተቀብለው የሚያስጎበኙ የራሳቸው ሰዎች ስላሏቸው ሳትቸኩሉ ጠይቋቸው። የሸመኑትን ጋቢና ፎጣ ግዙ፤ ወደፊት እንደምነግራችሁ ጉና ላይ ይጠቅማችኋል።

🔹 ከተማዋ

ደብረ ታቦር ከባህር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ደርሳችሁ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ በመጀመሪያ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ውጡ። ከዚያ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ ነገሥታቱ ለምን እንደመረጧት ይገባችኋል፤ ውኃ አላት፣ ማገዶ ነበራት፣ ወደ ጎንደርም ወደ ወሎም ወደ ጎጃምም ታሳልፋለች።

ሽማግሌ ካገኛችሁ የ1834ቱን ጦርነት ጠይቁ። ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን መጥተው የየጁውን ራስ ዓሊን እዚሁ ገጠሙ። ድሉም የውቤ ሆነ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። ውቤ ግን በድሉ ደስታ ላይ እንዳሉ የራስ ዓሊ ወገን በሆኑት በደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ እጅ ወደቁ። አንድ ጦርነት ድል አድርጎ መማረክ! አባቶች ይህን ሲያወሩ ልጅን ለመምከር ጭምር ነው።

ከዚያ ሰመራን እዩ። አፄ ዮሐንስ የተቀመጡበት ኮረብታ ነው። ጎርደን ፓሻ በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የግብፅን መልእክት ይዞ ንጉሠ ነገሥቱን ለማነጋገር ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ነበር። ግብፆች ከተሸነፉበት ከጉንደትና ከጉራዕ ጦርነት በኋላ ስለነበር ንግግሩ ቀላል አልነበረም፤ ያሰበውን ሳያገኝ ተመለሰ።

🔹 ጋፋት

ሌላ ሁሉ ቢቀርባችሁ ይህ አይቅርባችሁ። ጋፋት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በባጃጅም በእግርም የሚደረስበት ቦታ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ ያላቸውን የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን አስፍረው መድፍ ያስቀለጡት እዚህ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው፣ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው መድፍ የጋፋት ሥራ ነው።

ቦታው ላይ ቆማችሁ ይህን አስቡት። ሙያተኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ እንጂ መድፍ ሠርተው የሚያውቁ አልነበሩም። ምድጃውን መሥራት፣ ድንጋዩን መምረጥ፣ ከሰሉን ማዘጋጀት፣ ማዕድኑን ማቅለጥ፣ ሁሉም በሙከራ ነበር። አብረዋቸው የሠሩት ያገራችን ሰዎች ስማቸው በብዛት አልተጻፈም፤ ጋፋት ላይ እኔ ሁልጊዜ የማስበው እነሱን ነው። መድፉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌላው ድካም መጣ። ንጉሡ መንገድ እያስጠረቡ፣ በጋይንት በኩል አልፈው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፣ በመጋቢት 1860 መቅደላ አደረሱት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት! እናንተ ነገ ቻይናውያን በሠሩት፣ እኛም «የቻይና መንገድ» በምንለው ጎዳና በመኪና በሰዓታት የምትጨርሱት አገር ነው። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ጋፋት ላይ ሙዚየም የሚያህል ሕንፃ አትጠብቁ። ሳር፣ ኮረብታና የሚያስረዳችሁ ሰው ነው ያለው። እባካችሁ መሬት ላይ ያገኛችሁትን ማንኛውንም ስብርባሪ አንስታችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ። የቀረን እሱ ነው።

🔹 ጉና

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በቻይና መንገድ ወደ ክምር ድንጋይ ስትሄዱ ይታያችኋል። ሾጣጣ ተራራ የምትጠብቁ ሰዎች መጀመሪያ «ይሄ ነው እንዴ?» ትላላችሁ፤ ሰፊ፣ ዝርግ፣ ቀስ እያለ የሚያስወጣ ነውና። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቀጥ ያለ ዳገት ስለሌለው በፍጥነት ይጀምሩትና ከግማሽ በላይ ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ይይዛቸዋል። ስለዚህ፦

▪️ ከተማ ላይ አንድ ሌሊት አድራችሁ ሰውነታችሁን አለማምዱ።
▪️ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲወርድ መንገድ ይጠፋል።
▪️ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ውጡ፤ የድካሙንም ዋጋ በደንብ ክፈሉ።
▪️ ጋቢ፣ ካፖርት፣ ጓንት ያዙ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው።
▪️ ውኃና ደረቅ ምግብ ያዙ። በሶና ቆሎ ከብስኩት ይሻላሉ።

ሽቅብ ስትሄዱ የድንች ማሳው፣ ከዚያ ገብሱ፣ ከዚያ አስታው፣ ከዚያ ጓሳው እየተከታተለ ይቀበላችኋል። ከላይ ጅብራ ታገኛላችሁ። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይኖርና አንድ ጊዜ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። አትቁረጡት፣ ለፎቶ ብላችሁም አትደገፉት። ጓሳው ላይ እሳት አታንድዱ። ይህ ሳር ውኃ ይዞ ባያቆይ ኖሮ ታች ያያችሁት የፎገራ ሩዝ በበጋ ምን ይጠጣል? ጉናን ማረስና መጋጥ እየገፋው እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ የገበሬውንም ችግር ጠይቃችሁ ስሙት።

🔹 መቼ ብትመጡ ይሻላል?

አገሩን አረንጓዴና አበባ ለማየት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር። ሰዉን ለማየት ግን ነሐሴ 13፣ በቡሄ። ጭቃና ጉም ቢኖርም ይቻላል። በዓሉ የከተማችን ስም የሆነው የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት። ልጆች ጅራፋቸውን ቀደም ብለው ይገምዳሉ፤ በዋዜማው ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ማታ ችቦ ይበራል። ጅራፉ የሚጮኸው ከተራራው የተሰማውን ድምፅ ለማሰብ፣ ችቦው ብርሃኑን ለማሰብ፣ ሙልሙሉም በብርሃኑ ምክንያት ቀን መስሏቸው ሜዳ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘው የወጡትን ዳቦ ለማሰብ ነው ይላሉ አባቶች። ልጆች ደጃችሁ ከመጡ ባዶ እጃቸውን አትመልሷቸው።

የአብነት ትምህርት ለሚወድ ሰው ደግሞ ጋይንትን እጨምራለሁ። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባ እዚያ ናቸው። ተማሪው በአኩፋዳ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ የሚማረው ትምህርት ነውና ስትሄዱ ለየኔታም ለተማሪዎቹም የሚጠቅም ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

🔹 የመጨረሻ አደራ

የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት እዚህ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ «አትምጡ» ከተባላችሁ አትምጡ፣ ጉናው የትም አይሄድም። በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ጉና ደርሶ ስለነበር ሰዉ ብዙ አይቷል። ራሱ ካላነሳላችሁ አትጠይቁት፤ ካነሳላችሁ ደግሞ እስኪጨርስ አድምጡት።

የሰው ቤት ከተጋበዛችሁ «በልተናል» ብላችሁ አትሽሹ። ከነልጣጩ የተቀቀለ የዙሪያችን የፋርጣ ድንች በሚጥሚጣ ይቀርብላችኋል፤ ትኩስ እንዳለ ብሉት። ጠላ ባትጠጡም ቅመሱ። ገንዘባችሁን በአነስተኛ ማረፊያዎች፣ በሽማኔው፣ በባጃጁ ልጅ፣ በገበያዋ እናት ዘንድ አውጡት፤ የደብረ ታቦር ልጅ አገሩን ማስጎብኘት እንጀራ እንደሚሆን ካየ ታሪኩን ጠይቆ ያጠናል፣ ጉናንም ይጠብቃል። ለዚህ ነው አድራችሁ ሂዱ የምላችሁ። ለመምጣት ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጋፋትንም ጉናንም የሚያውቅ ሰው አገናኛችኋለሁ።