የትራክተር ማንሻ ሲለግም

የለገመ በሬ ምን እንደሚያደርግ ለጎጃም ልጅ አይነገረውም። የለገመ ትራክተር ግን ብዙዎቻችን አላየንም። እኔ ያየሁት አምና ሐምሌ ላይ ነው። አጎቴ የጤፍ መሬቱን ለማለስለስ አንድ አነስተኛ ትራክተር ተከራይቶ ነበር። ትራክተሩ እርሻው ዳር ሲደርስ ማረሻው ከአፈር አልነሣም አለ። ማረሻው ካልተነሣ ደግሞ መዞር የለም። የተጠራው መካኒክ ገና ከሩቅ አይቶ «ፖምፓው ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» ብሎ ፈረደ። አጎቴ ከባለትራክተሩ ጋር ወጪውን ለመካፈል ወይፈኑን ገበያ ሊያወጣ ሲሰናዳ፣ በመንገድ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሾፌር «እስቲ ፊልትሮውን አውጡት» አሉ። ወጣ፤ በጭቃና በብረት ድቃቂ ተደፍኖ ኖሯል። በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ ተመለሰ። ማረሻው ተነሣ። ወይፈኑም ከበረቱ አልወጣም።

ነገሩ እንዴት ነው ብለን እንጠይቅ። የመኪና ክሪክ ያየ ሰው የትራክተር ማንሻን ግማሹን ያውቃል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል። በክሪኩ ላይ እጃችን የሚሠራውን በትራክተሩ ላይ ፖምፓ ይሠራዋል፤ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይገፋል፣ ዘይቱ ፒስቶኑን፣ ፒስቶኑ ደግሞ የማንሻውን ክንዶች። ግፊቱ በካሬ ሴንቲሜትር 100 ኪሎ ቢሆንና የፒስቶኑ ፊት 30 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሰፋ፣ የሚገኘው ኃይል 3,000 ኪሎ ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስላት ለማንኛችንም አይከብድም። ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተር ጋር አያይዞ በዘይት የማንሣቱን ዘዴ ያስፋፋው ሃሪ ፈርጉሰን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ ከፎርድ ጋር የሠራው ትራክተር በ1939 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጣ።

ታዲያ ማንሻው ሲለግም መፍቻ ከማንሣት በፊት ዘይቱን ማየት ነው። ትራክተሩ ለጥ ባለ ቦታ ይቁም፤ በኛ አገር ዳገት ላይ ከቆመ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይዋሻል። በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ማንሻውና ካምቢዮው አንድ ዘይት ስለሚጋሩ፣ ከካምቢዮ የሚንጠባጠብ ዘይት ማንሻውንም ያስርበዋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። አረፋ ከበዛበት ፖምፓው አየር እየማገ ነው፤ የመሳቢያው ቱቦ ማሰሪያ ይፈተሽ። ቀጥሎ እጀታው። የእጀታው ዘንግ ከቫልቩ ተላቆ እንደሆነስ? በአሮጌው ፈርጉሰን ቲ.ኢ.20 ላይ የኋላውን ዘንግ የሚያሽከረክረው ማርሽ ካልገባ ፖምፓውም አይሠራም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ናዝሬት የተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጥማቸው የነበሩት ቤላሩሶችም ፖምፓውን ማገናኛና መለያ እጀታ አላቸው። እንዲህ ያለውን ረስቶ ፖምፓ የሚያወርድ አይጠፋም።

አሁን ስለ ፉጨቱ። የአጎቴ ትራክተር ማንሻው ሲነካ ያፏጭ ነበር፤ ማናችንም ልብ አላልነውም። ፖምፓ ዘይትን ይስባል እንላለን እንጂ፣ ዘይቱን ወደ ፖምፓው የሚገፋው በላዩ ያለው የአየር ክብደት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ፊልትሮው ከተደፈነና በጠዋቱ ብርድ ዘይቱ እንደ ማር ከወፈረ ፖምፓው ይራባል፣ ያፏጫል። በቆላ ጥቂት የሚታገሥ የቆሸሸ ፊልትሮ በደጋ ቶሎ ይጋለጣል ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው። በጠዋት ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቆ፣ ማንሻውን ያለ ጭነት ደጋግሞ ማውጣትና ማውረድ ይበጃል።

ባዶውን ተነሥቶ ማረሻ ሲጫንበት እምቢ የሚል ከሆነ ግፊት ጎድሎታል፤ የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ቆሻሻ ይዞት ወይም ላልቶ ይሆናል። አንዳንድ ሰው ብሎኑን በግምት ያጠብቃል። ይህ ቱቦ ያፈነዳል፤ በግፊት መለኪያ እንጂ በግምት አይነካም። ተነሥቶ ወዲያው የሚወርድ፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ራሱን እንደሚነቀንቅ ሰው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ዘይት በፒስቶኑ ጎማ ወይም በቫልቩ በኩል እያመለጠ ነው። ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ ፖምፓው ይጠርጠር።

ይህን የሚያይ ሰው በተነሣ ማረሻ ሥር አይግባ፤ ወይ መሬት ይውረድ፣ ወይ በጠንካራ ግንድ ይደገፍ። የሚያፈስ ቱቦም በእጅ አይዳሰስም፤ ቀዳዳው በካርቶን ቁራጭ ይፈለግ። በዚያ ግፊት የሚረጭ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብቻ ቢታይም፣ ባያምም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።