የሚያፈስ ማርሚታ አየር ይስባል

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርድ ማርሚታው የሚንጣጣ ስፖርት መኪና ባለፈ ቁጥር “ሞተሩ ጉልበት አለው” የሚል አይጠፋም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በየሰፈሩ የሚዞረው ምክር ነው። የማርሚታ መጋጠሚያ ቢላላ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ስለዚህ ባይነካ ይሻላል ይባላል። ፍጹም ስህተት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች እየተጠገኑ ረጅም ዓመት መሥራት አለባቸው። እንዲህ ያለውን ምክር በዝምታ ማለፍ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ሞተር ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ጭሱን በማርሚታ ያስወጣል፤ ይህን ማንም ስለሚያውቅ አልደግመውም። ስህተቱ የሚጀምረው ጭሱ ያለማቋረጥ፣ ባልተለወጠ ግፊት ወደ ውጭ ይፈስሳል ከሚለው ግምት ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ፣ በደቂቃ 800 ዙር ሲሽከረከር፣ በሰከንድ ወደ 27 ጊዜ ጭስ ይተፋል። እያንዳንዱ ትፍታ የግፊት ሞገድ ነው። 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ጭስ ውስጥ ይህ ሞገድ በሰከንድ 580 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከቱቦው ጫፍ ወይም ቱቦው በድንገት ከሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ተገልብጦ ይመለሳል፤ ከፍተኛ ግፊት ሆኖ የሄደው ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት ከውጭው አየር ቢበልጥም፣ በየቅጽበቱ ከውጭው በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በዚያች ቅጽበት የላላው መጋጠሚያ ቀዳዳ መትፋቱን ትቶ አየር ይስባል። የስፖርት መኪና መሐንዲሶች የቱቦውን ርዝመት የሚመርጡት ይህ ተመላሽ ሞገድ የጭስ ቫልቩ ሳይዘጋ ደርሶ የተረፈውን ጭስ ጎትቶ እንዲያወጣላቸው ነው። አንድ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 3.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በደቂቃ 6,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር ደግሞ አንዱን ዙር በ10 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል። የጊዜው ልክ እንዲህ ጠባብ ነው። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ጣቱን ከአንዱ ቀዳዳ ሲያነሳ ድምፁ የሚቀጥነው ሞገዱ የሚመለስበት ቦታ ስለሚቀርብ ነው፤ የላላ መጋጠሚያም ማንም ሳያዘው የተነሳ ጣት ነው። ሞገዱ ያለ ጊዜው ይመለሳል፣ ድምፅ ይጨምራል፣ ጉልበት ግን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የባሰው ጉዳት ግን በልኬት ላይ ነው። ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ሚዛን የሚጠብቀው በማርሚታው ላይ በተተከለው የኦክሲጅን ሴንሰር ነው። የተለመደው ዓይነት ሴንሰር ነዳጅ ሲበዛ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ 0.1 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከሴንሰሩ በፊት ባለው መጋጠሚያ የተሳበ አየር በሞተሩ ውስጥ አላለፈም፤ ሴንሰሩ ግን ይህን ለይቶ ማወቅ አይችልም። ኦክሲጅን አየሁ ይላል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ አንሷል ብሎ ይጨምራል። ባለመኪናው ቤንዚን በላብኝ ብሎ ካንዴላ ያስቀይራል፣ መርፌ ያሳጥባል፣ አንዳንዱም ጤነኛውን ሴንሰር ራሱን ያስጥላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎችም በጉዳቱ መጠን ላይ አይስማሙም። ነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የቱቦው ግፊት ከፍ ስለሚል ቀዳዳው በአብዛኛው ወደ ውጭ ይተፋል፤ ብዙ ኮምፒውተሮችም በዚያን ጊዜ ሴንሰሩን አይሰሙም። ስለዚህ ጉዳቱ የሚጎላው በሚኒሞና በዝግታ ሲነዳ ነው፤ የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ከሴንሰሮቹ ሁሉ በኋላ ያለ ቀዳዳም ድምፅና ጭስ እንጂ የነዳጅ ስህተት አያመጣም። የቁልቁለቱ መንጣጣትም ሁልጊዜ ማፍሰስን አያሳይም። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን በላላው መጋጠሚያ ከተሳበው አየር ጋር ተገናኝቶ በጋለው ቱቦ ውስጥ ይፈነዳል። ዘመናዊዎቹ በቁልቁለት ነዳጅ ስለሚያቋርጡ እምብዛም አይንጣጡም፤ እንዲንጣጡ ታስበው በኮምፒውተር የታዘዙ የስፖርት መኪኖችም አሉ። መንጣጣቱ ትናንት ያልነበረ ከሆነ ግን የመጋጠሚያውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መጠርጠር ይገባል።

መጋጠሚያው ለምን ይላላል? ብረት ሲግል ይረዝማል። አንድ ሜትር ተራ ብረት በ500 ዲግሪ ሲሞቅ 6 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱ የማይዝግ ዓይነት ደግሞ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። ሽሮ ሜዳን ይዞ በዝቅተኛ ማርሽ እንጦጦን የሚወጣ መኪና ማርሚታው ይግላል፤ ሲወርድ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ላይ ኮብልስቶኑ ከሥር ይነቀንቀዋል፣ ሞተሩም በጎማ መቀመጫው ላይ ይወዛወዛል። አምራቾች ይህን አስበው ነው አንዱን መጋጠሚያ ክብ ጓርኒሲዮንና ስፕሪንግ ያላቸው ብሎኖች ሰጥተው እንዲንቀሳቀስ የሚተዉት። ታዲያ ስፕሪንጉ ደክሞ ሲንኳኳ ብዙ ቦታ የሚሰጠው መፍትሔ ብየዳ ነው። ኳኳታው በዕለቱ ይጠፋል። እንቅስቃሴው ግን የትም አልሄደም፤ መውጫ ሲያጣ ደካማውን ቦታ ይሰነጥቃል፣ ብዙ ጊዜም ከቴስታታው ጋር የተያያዘውን የቀልጥ ብረት ማኒፎልድ፤ እሱን መበየድ ደግሞ ቀላል አይደለም። መለዋወጫ ውድ ነው፣ ብየዳ ርካሽ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ቱቦው ራሱ በዝገት ከተበላ በላሜራ መበየድ ትክክል ነው፤ እንዲንቀሳቀስ የተሠራውን መጋጠሚያ መበየድ ግን ርካሹን ዕቃ አትርፎ ውዱን መስበር ነው። ሲሊኮን መቀባትም እንዲሁ ነው፤ ተራው ሲሊኮን ከ300 ዲግሪ በላይ እምብዛም አይቆይም፣ ትነቱም የኦክሲጅን ሴንሰሩን ያበላሸዋል።

ማፍሰሱን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይነሳ፣ አንድ ሰው ወፍራም እርጥብ ጨርቅ በጓንት ይዞ የማርሚታውን ጫፍ ለአፍታ ይሸፍን፤ የሚያፈስ ካለ ፉጨቱ ከመጋጠሚያው ይሰማል፣ የሳሙና ውኃ ቢረጭበትም አረፋ ያወጣል። ጥቁር ጥላሸትም ቦታውን ይናገራል። ጠዋት እየተንኳኳ ሲሞቅ ዝም የሚል ማኒፎልድ ብረቱ ስላበጠ ለጊዜው ተዘጋ እንጂ አልዳነም። ምርመራው ደጅ ላይ ይሁን። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከኦክሲጅን ይልቅ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከመቀመጫው ሥር ወደ ውስጥ የሚገባ ጭስ እዚህ የሚነጥቀው ከጅምሩ ያነሰ ኦክሲጅን ነው።

ጥገናው አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ስፕሪንግና ያልተበላ ብሎን ይፈልጋል። የመጋጠሚያው ፊት በቀጥ ማስመሪያ ይፈተሽ፤ ከተጣመመ በሞረድ ይስተካከል። ዳዶዎቹ አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው በመሄድ ሳይሆን እያፈራረቁ ቀስ በቀስ ይጠበቁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላም ጥብቀታቸው እንደገና ይታይ። የተበጣጠሱ የማንጠልጠያ ጎማዎች አብረው ካልተቀየሩ አዲሱ መጋጠሚያ የቱቦውን ክብደት ተሸክሞ ይላላል። ነዳጅ ቀንሶ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ጥቂት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ በስህተት የለመደውን ጭማሪ በማስታወሻው ስለሚይዝ፣ ካልተደመሰሰለት በቀር የሚተወው እየተነዳ ቀስ በቀስ ነው።