አስታ፦ የውርጭ አገር ተክል

አስታ ከደጋው በላይ ባለው የውርጭ አገር የሚበቅል፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚኖር ተክል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ኤሪካ አርቦሪያ ይሉታል፤ «አርቦሪያ» በላቲን ቋንቋ ዛፍ መሰል ማለት ነው። በአገራችን በሰሜንና በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባሉ ስፍራዎች በብዛት ይገኛል። ከኢትዮጵያ ውጭም በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች፣ በየመንና በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ይበቅላል።

የአስታ ቁመት እንደሚበቅልበት ስፍራ ይለያያል። ብርዱ ባልጠናበት እርጥብ ዳገት ከ5 ሜትር በላይ አድጎ ዛፍ ይሆናል፤ ወደ ተራራው ራስ በተጠጋ መጠን ግን እያጠረ ሄዶ ከሰው ወገብ የማይበልጥ ቁጥቋጦ ይሆናል። ቅጠሎቹ መርፌ መሰል ናቸው፤ ርዝመታቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ሦስት ወይም አራት እየሆኑ ቅርንጫፉን ይከባሉ። አበባዎቹ ነጫጭ፣ የደወል ቅርጽ ያላቸውና እጅግ ጥቃቅን ናቸው። ሆኖም በብዛት ስለሚያብቡ ቁጥቋጦው ከሩቅ ሲታይ አመዳይ የጣለበት ይመስላል። እንደ ትቢያ የደቀቁትን ዘሮቹን ነፋስ ይበትናቸዋል።

ቅጠሉ እንዲህ ያነሰው ለምንድን ነው? በከፍተኛ ተራራ ላይ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ አፈሩ ይቀዘቅዛል፤ ሥሩም ውሃ እንደ ልብ መሳብ ይሳነዋል። ማለዳ ግን ፀሐዩ ቅጠሉን ያሞቀዋል፤ ነፋሱም ያደርቀዋል። ስለዚህ ተክሉ ውሃ በአጠገቡ እያለ ሊጠማ ይችላል። የአስታ ቅጠል ጠርዙ ወደ ታች የተጠቀለለ ነው፤ በመሆኑም እንፋሎት የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በጥቅሉ ውስጥ ከነፋስ ተሸሽገው ይኖራሉ። ለምለምነቱም ቅጠሉ ፈጽሞ አይረግፍም ማለት አይደለም፤ አሮጌው ተራ በተራ ሲረግፍ አዲሱ ስለሚተካው ነው።

ከግንዱ ሥር ጠንካራ የእንጨት እብጠት አለ። በአውሮፓ ከዚህ እብጠት የትምባሆ ፒፓ ይሠራል። ለተክሉ ግን መዳኛው ነው፤ እሳት ግንዱን ቢበላው እንኳ ከዚያ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተነሣው ቃጠሎ ከሣሩ ጋር አስታም ተቃጥሏል። እንዲህ ያለው ተክል መልሶ ማቆጥቆጥ ይችላል፤ ነገር ግን ቃጠሎው ሳያሰልስ ቢደጋገምና ቡቃያውን ከብት ቢግጠው፣ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዳገቱ ይራቆታል፤ አፈሩም በጎርፍ ይታጠባል። ውርጭን የሚቋቋመው አስታ የሰውን ቸልተኝነት ለዘለዓለም ሊቋቋም አይችልም።

መልመጃ
1. አስታ ውሃ በአጠገቡ እያለ ሊጠማ የሚችለው ለምንድን ነው?
2. «ተራ በተራ» እና «ሳያሰልስ» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ተክል መርጣችሁ ቅጠሉን፣ አበባውንና ጥቅሉን ጠባዩን የሚገልጽ ድርሰት በሁለት አንቀጽ ጻፉ።